በኦማሃ ፖከር የውርርድ ጣሪያው አጨዋወቱን እንዴት ይለውጠዋል

ኦማሃ ለመጫወት ጠረጴዛ የሚመርጥ ሰው ከብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ አስቀድመው ከሚያስገቡት ገንዘብ) መጠን በፊት ማየት ያለበት የውርርዱን ጣሪያ ነው። የሚታደሉት አራት ካርታዎችም ሆኑ መሀል የሚዘረጉት አምስቱ በየትኛውም ጠረጴዛ ያው ናቸው። ጣሪያው ሲለወጥ ግን አንዱ ጋ ያለማመንታት ኮል የሚደረግበት (የተወራረደውን ያህል አስገብቶ የሚቀጠልበት) እጅ ሌላው ጋ ኪስ ያራግፋል።

ከሆልደም (ሁለት ካርታ ከሚታደልበት የፖከር ዓይነት) ለሚመጡ ሰዎች አንድ ነገር ቀድመን እንጨርስ። በኦማሃ ከእጅዎ በትክክል ሁለት፣ ከመሀል ደግሞ በትክክል ሦስት ካርታ ይጠቀማሉ። መሀል ላይ አራት ስፔድ ቢወጣና እጅዎ ውስጥ ያለው ስፔድ ኤስ ብቻ ቢሆን ፍለሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) የለዎትም። አራት ካርታ ስድስት የተለያዩ ጥንዶች ይወጡታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ፍሎፕ (መጀመሪያ የሚዘረጉት ሦስት የመሀል ካርታዎች) ላይ የሚይዘው ነገር አያጣም፣ የእጆች ጥንካሬም ይቀራረባል። ጣሪያው ይህን ያህል ወሳኝ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሰሌዳውን ማንበብ

ፊክስድ ሊሚት ላይ «4/8» ማለት ከፍሎፕ በፊትና ፍሎፕ ላይ እያንዳንዱ ውርርድና ጭማሪ 4 ዶላር፣ ተርንና ሪቨር (አራተኛውና አምስተኛው የመሀል ካርታ) ላይ 8 ዶላር ነው ማለት ነው። ብላይንዶቹ 2 እና 4 ናቸው። ኦል ኢን (ያለውን ሁሉ ያስገባ) ካልሆነ በቀር ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። አብዛኛው ካዚኖ በአንድ ዙር አንድ ውርርድና ሦስት ሬዝ (ጭማሪ) ይፈቅዳል፤ አራት ሬዝ የሚፈቅዱም አሉ። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ብዙ ቦታ ይህ ቁጥር ይነሳል።

ፖት ሊሚት ላይ «1/2» የሚለው ብላይንዶቹን ብቻ ነው የሚናገረው። ጣሪያው በየቅጽበቱ መሀል ያለው ገንዘብ (ፖቱ) ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 4/8 ከ1/2 የሚከብድ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን 4/8 ሊሚት ላይ በአንድ እጅ ከአንድ ሰው ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ፣ ሦስት ሬዝ በሚፈቀድበት ቤት፣ 16 ሲደመር 16 ሲደመር 32 ሲደመር 32፣ በድምሩ 96 ዶላር ነው። 1/2 ፖት ሊሚት ላይ 200 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው በአንድ እጅ 200ውንም ሊያጣ ይችላል፤ ያውም ሁለት ሰዎች ብቻ ተፋጠው፣ ሌላው ሁሉ ካርታውን ጥሎ።

ፖቱን መቁጠር

ደንቡ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ኮል ያደርጋሉ፣ ከዚያ የእርስዎ ኮል ከገባ በኋላ መሀል ያለውን ያህል ይጨምራሉ። ሰው የሚሳሳተው የራሱን ኮል መቁጠር ስለሚረሳ ነው።

1/2 ላይ ሁሉም ፎልድ አድርገው (ካርታቸውን ጥለው) እርስዎ ጋ ደረሰ እንበል። መሀል 3 ዶላር አለ። በሐሳብዎ 2 ዶላር ኮል ያድርጉ፣ 5 ሆነ። በዚያ ላይ 5 ይጨምሩ፤ ከፍተኛው ሬዝ ወደ 7 ነው። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ሰው በሙሉ ፖት ልጨምር ቢል መሀል 10 ዶላር ያገኛል፤ 7 ኮል ሲያደርግ 17፣ በዚያ ላይ 17፣ በድምሩ 24።

አቋራጩ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻውን ውርርድ በሦስት ያባዙ፣ ከዚያ ውርርድ በፊት መሀል የነበረውን ሁሉ ይደምሩ። ሦስት ጊዜ 7፣ ሲደመር 3፣ 24። ፍሎፕ ላይም ያው ነው። መሀል 60 ዶላር አለ፣ አንዱ 40 አስያዘ፤ ቀጣዩ ሰው እስከ 180 መሄድ ይችላል። ሦስተኛው ሰው በዚያ ላይ ልጨምር ካለ ሦስት ጊዜ 180 ሲደመር 100፣ 640 ነው።

አቋራጩ የሚያደናግረው ከፊትዎ አስቀድመው ያስገቡት ገንዘብ ሲኖር ነው። 40 ያስያዙት እርስዎ ከሆኑና 180 ከተመለሰብዎ 100ውን አይደምሩ። በረጅሙ መንገድ ይሂዱ፦ ኮል ለማድረግ 140 ይጎድልዎታል፣ እሱ ሲገባ መሀል 420 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 420። አሁን ከስታክዎ (ከፊትዎ ካለው ገንዘብ) የሚገፉት 560፣ ጠቅላላ ውርርድዎ ደግሞ 600 ነው። 640 ብለው ቢገፉ አዳዩ ይመልስልዎታል፤ ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም፣ ግን በእጅዎ ላይ ምን ያህል እንደተማመኑ ለጠረጴዛው ሁሉ ነግረዋል።

2/5 ላይ አንዳንድ ቤቶች በ5 ዶላር ቺፕ ለመቁጠር እንዲመቻቸው ትንሹን ብላይንድ እንደ 5 ያስቡታል። ያኔ የመጀመሪያው ከፍተኛ ሬዝ 17 መሆኑ ቀርቶ 20 ይሆናል። ከመቀመጥዎ በፊት አዳዩን ይጠይቁ። በፖት ሊሚት ተራው የደረሰ ተጫዋች «ፖቱ ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በሊሚትና በኖ ሊሚት (ጣሪያ በሌለው) ግን አዳዩ ፖት አይቆጥርልዎትም።

አንድ ሬዝ አንድ ዙር ይበላል

የፖት ሊሚት ቁልፍ ይህ ነው፤ ብዙ ዓመት የተጫወቱ ሰዎችም በቁጥር አስቀምጠው አያዩትም። ሁለት ሰዎች 200 ዶላር፣ ማለትም 100 ቢግ ብላይንድ (ትልቁ ብላይንድ)፣ ይዘው 1/2 ላይ ተቀምጠዋል። ለሒሳቡ ቅለት ካዚኖው የሚቆርጠውን እንርሳው።

በተን (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የሚናገርበት መቀመጫ) ላይ ያለው 7 አደረገ፣ ትልቁን ብላይንድ ያስገባው (ቢግ ብላይንዱ) ኮል አለ። መሀል 15 ዶላር አለ፣ እያንዳንዳቸው ጋ 193 ቀርቷል። ከዚህ በኋላ በየዙሩ ሙሉ ፖት ቢወራረዱ ፍሎፕ ላይ 15፣ ተርን ላይ 45፣ ሪቨር ላይ 135፣ ሲደመር 195 ነው። ስታኩ የሚያልቀው ልክ ሪቨር ላይ ነው። ሦስት ዙር፣ ሦስት ውሳኔ።

አሁን ቢግ ብላይንዱ ኮል በማለት ፈንታ በሙሉ ፖት መለሰ፤ ይህ 22 ነው። በተኑ ኮል ሲል መሀል 45፣ በእጅ 178። ፍሎፕ ላይ 45፣ ተርን ላይ 135፣ ድምሩ 180። ገንዘቡ ተርን ላይ አለቀ።

በተኑ አሁንም ልጨምር ካለ 67 ይሆናል። ኮል ሲደረግ መሀል 135፣ በእጅ 133። አንድ ውርርድ፣ ፍሎፕ ላይ፣ አለቀ።

እንግዲህ ከፍሎፕ በፊት ሬዝ ሲያደርጉ ፖቱን ከማሳደግ በላይ በኋላ የሚመጣ አንድ ሙሉ ዙር እየሰረዙ ነው። ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ እጅ ብዙ ዙር ይፈልጋል ወይስ ጥቂት?

ሁለት ኤስ የያዘ እጅ ጥቂት ይፈልጋል። ኦማሃ ውስጥ ሁለት ኤስ የሆልደሙን ያህል ጌታ አይደለም፤ ተከታታይ ከሆኑና ሁለት ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ አራት ካርታዎች ጋር ሲጋጠም ብልጫው ብዙ ጊዜ ከስድስት ለአራት እምብዛም አያልፍም። ብልጫው ያለው ደግሞ አሁን ነው፤ ፍሎፕ ከወጣ በኋላ እርስዎ የት እንዳሉ አያውቁትም። ስለዚህ በሁለት ኤስ እንደገና መጨመር ያለብዎት ከስታክዎ ሲሶ ያህሉን ከፍሎፕ በፊት ማስገባት የሚችሉ ከሆነ ነው። ከላይ ያየነው 67 ከ200 ልክ ሲሶ ነው፤ ቀሪው ያለ ጭንቀት ፍሎፕ ላይ ይገባል። 22 አስገብተው 178 ከቀረዎት ግን ባላንጣዎ የያዙትን ገምቶታል፣ እርስዎ እሱ የያዘውን አያውቁም፣ ሁለት ከባድ ውሳኔም ይጠብቅዎታል። ኤስ-ኤስ-7-2፣ አራቱም የተለያየ ዓይነት፣ 600 ዶላር ተይዞ፣ ያውም ቀድመው የሚናገሩ ከሆነ፣ ኮል ብቻ ይበሉ። ብዙ ሰው ይህን ምክር አይወድም።

በተቃራኒው 40 ቢግ ብላይንድ (80 ዶላር) ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከፍሎፕ በፊት ሬዙ 7፣ 22፣ ከዚያ 67 ሲደርስ የሚቀረው 13 ዶላር ብቻ ነው። ለእሱ ጣሪያው የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጫወተው በተግባር ኖ ሊሚት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ጀርባዎ ካለ በመካከለኛ እጅ ርካሽ ፍሎፕ አያለሁ ብለው አይግቡ።

በፊክስድ ሊሚት ይህ ሒሳብ የለም። ስታክ አያልቅም፣ ዙር አይሰረዝም። ሬዝ የሚያደርጉት ከስድስት ሰዎች ውስጥ ከድርሻዎ በላይ ስለሚያሸንፉ ብቻ ነው፤ ሰው ለማስወጣት ተብሎ የሚደረግ ሬዝ እምብዛም አይሠራም፣ 4 ዶላር ያስገባ ሰው ለሌላ 4 ዶላር አይሸሽምና።

ያው ፍለሽ፣ ሁለት ዋጋ

ተርን ላይ ነዎት። ኤስ ያለበት የስፔድ ፍለሽ ለመሙላት አንድ ስፔድ ይፈልጋሉ። ከ52ቱ ካርታ የራስዎን አራትና መሀል ያሉትን አራት አይተዋል፤ 44 ቀርቷል፣ ዘጠኙ ስፔድ ነው። ዕድልዎ 20.5 በመቶ።

4/8 ሊሚት ላይ መሀል 40 ዶላር ነበር፣ ባላንጣዎ 8 አስያዘ። 48 ለማግኘት 8 ይከፍላሉ፤ የሚያስፈልግዎ 14.3 በመቶ ነው፣ ያለዎት 20.5 ከበቂ በላይ ነው። ኮል።

ፖት ሊሚት ላይ መሀል ያው 40 ነበር፣ ባላንጣዎ 40 አስያዘ። 80 ለማግኘት 40 ይከፍላሉ፤ የሚያስፈልግዎ 33.3 በመቶ ነው። ልዩነቱ እንዲካካስ ስፔድ በወጣ ቁጥር ሪቨር ላይ በአማካይ ወደ 76 ዶላር ገደማ ተጨማሪ መሰብሰብ አለብዎት። ሦስተኛ ስፔድ መሀል ሲወርድ ደግሞ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ቼክ ብሎ (ሳይወራረድ አልፎ) እጁን ይሰበስባል። ሌላ ተጨማሪ ዕድል ካልያዙ ይጣሉ። ፍለሹ በኪንግ ከሆነማ ጭራሹን አያስቡት፦ ሲሞላልዎት ትንሽ ይበላሉ፣ ኤስ የያዘ ሲገጥምዎት ሙሉ ስታክ ይበላዎታል። ሊሚት ላይ በኪንግ ፍለሽ መበላት 8 ወይም 16 ዶላር ነው፤ ያናድዳል እንጂ ከጠረጴዛው አያስነሳም።

ከዚህ የሚብሰው የስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ጉዳይ ነው። ጃክ-10-7-6 ይዘው ፍሎፑ 9-8-2፣ ሦስቱም የተለያየ ዓይነት፣ ወጣ። ሃያ ካርታዎች ስትሬት ይሠሩልዎታል፦ አራት ኩዊን፣ ሦስት ጃክ፣ ሦስት 10፣ ሦስት 7፣ ሦስት 6፣ አራት 5። በሁለት ካርታ ውስጥ ከሃያው አንዱ የመውጣት ዕድሉ 70 በመቶ ይጠጋል። ቁጥሩ ያስፈነድቃል። ግን አንድ በአንድ ይዩአቸው። ኩዊን፣ 7፣ 6 ወይም 5 ሲወጣ ከእርስዎ የሚበልጥ ስትሬት የለም። ጃክ ሲወጣ ግን ኩዊን-10 የያዘ ይበልጥዎታል፤ 10 ሲወጣ ኩዊን-ጃክ የያዘ። ስለዚህ ሃያው በእውነቱ አሥራ አራት ነው። ሊሚት ላይ ስድስቱንም ቆጥረው ይክፈሉ። ፖት ሊሚት ላይ፣ በተለይ ስታኩ ጥልቅ ሲሆን፣ አሥራ አራቱን ብቻ ይቁጠሩ። ከፍተኛው ባልሆነ ስትሬት ተርን ላይ 45፣ ሪቨር ላይ 135 ኮል ማለት ነው ሰውን ባዶውን የሚያስነሳው። ባላንጣዎ ሦስት 9 ይዞ ከሆነ ደግሞ መሀል ያለው ካርታ በተጣመደ ቁጥር ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) ስለሚሞላለት 70ውም ይወርዳል።

ሦስት ተመሳሳይ ይዘው ከማዶ ሲሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ሊሚት ላይ እጅዎን በዋጋ መከላከል አይችሉም። የሚቻለው ፍሎፕ ላይ ኮል ብሎ መቆየትና ውርርዱ እጥፍ በሚሆንበት ተርን ላይ ሬዝ ማድረግ ነው፤ በተለይ ያስያዘው ሰው ቀኝዎ ካለ፣ ከግራዎ ያሉት ሁሉ በአንዴ 16 ዶላር ይጠየቃሉ። ፖት ሊሚት ላይ ፍሎፕ ላይ ሙሉ ፖት ያስይዙ፣ ግን ሁሉንም ያባርራል ብለው አይጠብቁ። የኤስ ፍለሽ የሚጠብቅ ሰው ፍሎፕ ላይ በሁለት ካርታ 36.4 በመቶ ያገኛል፤ ስታኩ አንድ ፖት ብቻ ከሆነ 33.3 ስለሚበቃው ኮል ማለቱ በሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ኖ ሊሚት ኦማሃ ብዙም የማይታየውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የፖቱን እጥፍ ማስያዝ ቢቻል ያ ሰው 40 በመቶ ያስፈልገዋል፣ ይጥላል። ጨዋታው ኤስ ጠብቆ ሁሉንም መግፋት ይሆናል፣ የኦማሃ ጣዕሙም እዚያው ላይ ያበቃል።

ስለ ብለፍ (ደካማ እጅ ይዞ ሌላውን ለማስጣል መወራረድ) ትንሽ። ሪቨር ላይ መሀል 60 ካለና ሊሚቱ 8 ከሆነ ባላንጣዎ 10.5 በመቶ ዕድል ካየ መክፈሉ አያከስረውም፤ እሱም ይከፍላል። ፖት ሊሚት ላይ ግን መሀል ሦስት ስፔድ እያለ እጅዎ ውስጥ ስፔድ ኤስ ብቻውን ካለ ማንም ከፍተኛውን ፍለሽ እንዳልያዘ በእርግጠኝነት ያውቃሉ። ሙሉ ፖት አስይዘው በኪንግ የሞላውን ማስጨነቅ የሚቻለው በዚህ ነው። ከግማሽ ጊዜ በላይ ካልጣለልዎት ይከስራሉ፤ ፍለሽ ጥሎ የማያውቅ ሰው ላይ አይሞክሩት።

ሃይ-ሎ ላይ ሩብ መውሰድ

በሃይ-ሎ ፖቱ ለትልቁ እጅ (ሃይ) እና ለትንሹ እጅ (ሎው) ይከፈላል፤ ትንሹ እጅ አምስት የተለያዩ ከ8 ያልበለጡ ካርታዎች ያስፈልጉታል። በአሜሪካ ካዚኖዎች ፊክስድ ሊሚት ኦማሃ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ መልክ ነው፤ ሆርስ በሚባለው ቅይጥ ጨዋታ ውስጥ ያለው ኦማሃም ይኸው ነው።

ኤስ-2 ይዘው ሎውን አሸንፈዋል፣ ግን ባላንጣዎም ኤስ-2 አለው፣ ሃዩም የእሱ ነው። ሩብ ይደርስዎታል። ሪቨር ላይ መሀል 100 ዶላር ነበር እንበል። ሊሚት ከሆነ 8 ከፍለው ከ116 ላይ 29 ያነሳሉ፤ ኮልዎ አትርፏል። ፖት ሊሚት ከሆነ 100 ከፍለው ከ300 ላይ 75 ያነሳሉ፤ በገዛ ገንዘብዎ 25 ከስረዋል። እጁ አንድ ነው፣ ሎውም ከዚያ የተሻለ የለም። ስለዚህ ሊሚት ላይ ባዶ ኤስ-2 ይዘው እስከ መጨረሻው ይሂዱ፤ ፖት ሊሚት ላይ ከኤስ-2 ጋር ለሃይ የሚሆን ነገር ከሌለና የቀረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ተርን ላይ ማቆም ይልመዱ።

ሊሚት ላይም ቢሆን ሬዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ሪቨር ላይ ሦስት ሰዎች ቀርታችሁ ሎውን ከአንዱ ጋር የምትካፈሉ ከሆነ ባስገቡት 8 ዶላር 6 ይመለስልዎታል። አራት ሰዎች ሲሆኑ እኩል በእኩል ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ኮል ብቻ።

ጠረጴዛው ላይ

ፖት ሊሚት ላይ ተራዎ ደርሶ «ፖት» ካሉ ብለዋል፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ደንግጠው ልቀንስ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ቀጥሎ ይናገሩ። ኦል ኢን ያለ ሰው ገንዘቡ ከሙሉ ሬዝ ካነሰ ሊሚት ላይ ግማሹን ያህል ከሞላ ቀድመው የተናገሩት እንደገና መጨመር ይችላሉ፤ በፖት ሊሚትና በኖ ሊሚት ሙሉ ሬዝ ካልሆነ ኮል ወይም ፎልድ ብቻ ነው ያላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቀው ይህ ነው።

በገንዘብ ዝግጅት በኩል፣ ለፖት ሊሚት ከ50 መግቢያ (አንዴ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚይዙት ገንዘብ) ያነሰ ይዞ መደበኛ ተጫዋች እሆናለሁ ማለት ለእኛ ድፍረት ነው። ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ገንዘብ በየትኛውም ሊሚት አይነካም።

ሒሳቡን ቤት ውስጥ በአንድ ጥቅል ካርታና በጥቂት ሳንቲም መለማመድ ይቻላል። 1/2 ብላይንድ ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ሰው ወደ 7፣ ሁለተኛው ወደ 24 ይውሰደው። አሁን ሦስተኛ ሰው ሙሉ ፖት ቢጨምር ስንት ይሆናል? ሦስተኛው ፎልድ ብሎ ወደ መጀመሪያው ሰው ቢመለስስ? ለሦስተኛው ሰው 82፣ ለመጀመሪያው 75 ካልወጣልዎት የራስዎን ኮል ወይም አስቀድሞ የገባውን 7 ዘልለዋል።